ጂቲኬ 4ን ለጎላንግ መጠቅለል፦ የዊጄቱ ባለቤት ማን ነው?

ሰብለ_ኮድ

ሰላም ለሁላችሁ። ጂቲኬ 4ን (በሲ የተጻፈውን መስኮትና ቁልፍ መሥሪያ ላይብረሪ) ከጎላንግ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለመጥራት የሚያገለግል ራፐር (መጠቅለያ) ላይብረሪ እየነደፍኩ ነው። በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ መሥራት አለበት። ለጎላንግ የተሠሩ ራፐሮች እንዳሉ አውቃለሁ። የሚያስፈልገኝ ግን ሃያ ያህል ዊጄት (እንደ በተን፣ ማለትም የሚጫን ቁልፍ፣ ያለ የመስኮት ክፍል) ብቻ የያዘ፣ በትንሽ ጊዜ ኮምፓይል የሚሆን ነገር ነው።

አሁን ያለው ንድፍ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ዊጄት የሲውን ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) የያዘ ስትራክት አለው። በተን የሚፈጥረው ፈንክሽን ጂቲኬ_በተን_ኒውን ይጠራና ስትራክቱ ላይ ፋይናላይዘር (ስትራክቱ ከሜሞሪ ሲሰበሰብ የሚጠራ ፈንክሽን) ያስራል። ፋይናላይዘሩ ሪፈረንስ የሚለቀውን ጂ_ኦብጀክት_አንረፍን ይጠራል። ኮልባኮች (በተን ሲጫን ወይም ሌላ ነገር ሲሆን የሚጠሩ ፈንክሽኖች) በአንድ ግሎባል ማፕ ውስጥ በቁጥር ይመዘገባሉ፤ ወደ ሲ የሚያልፈው ቁጥሩ ብቻ ነው።

የገጠመኝ፦ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማያስፈልግ ሜሞሪ ሰብሳቢው) እስኪነሳ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ከተነሳ በኋላ «ጂ_ኢዝ_ኦብጀክት» የሚለው ማረጋገጫ ወደቀ ይልና ፕሮግራሙ ክራሽ ያደርጋል። ኮሌክተሩን በእጅ ስጠራው ደግሞ ወዲያው ይወድቃል። ፋይናላይዘሩን ሳወጣው ክራሹ ይጠፋል፤ ነገር ግን አንድ መስኮት 500 ጊዜ ከፍቼ ስዘጋ ሜሞሪው መጨመር እንጂ መቀነስ አያውቅም።

ከዚህ ሌላ ሁለት የንድፍ ጥያቄ አለኝ። ጎላንግ ውርስ ስለሌለው የክላሶቹን ተዋረድ በምን ልወክለው? ራፐሩን በእጅ መጻፍና በጀነሬተር (ኮድ በሚጽፍ ፕሮግራም) ማመንጨት ላይስ ምን ትላላችሁ?

ባለ_ሉፕ

ሰብለ፣ ክራሹና የሜሞሪው መፍሰስ ምንጫቸው አንድ ነው፦ የትኛው ሪፈረንስ (ዕቃውን ስንት ወገን እንደያዘው የሚቆጠርበት) የማን እንደሆነ ንድፍሽ አይናገርም። የፈንክሽን ስም ማሳመሩና የተዋረዱ ጉዳይ ይቆይሽ፤ መጀመሪያ ይሄ ይለይ።

ዊጄት ሲፈጠር ሪፈረንሱ ተንሳፋፊ ነው። ቆጠራው 1 ይላል፣ ያ 1 ግን ገና ባለቤት የለውም፤ መጀመሪያ «ሲንክ» ያደረገ ይወስደዋል። ያንቺ ኮድ ውስጥ የሚሆነው ይሄ ነው፦

በተኑ ተፈጠረ፦ ቆጠራ 1፣ ተንሳፋፊ
ቦክስ ውስጥ ገባ፦ ቆጠራ 1፣ ባለቤቱ ቦክሱ
ፋይናላይዘርሽ አንረፍ አለ፦ ቆጠራ 0፣ በተኑ ፈረሰ

ፋይናላይዘሩ የለቀቀው የራሱን ሪፈረንስ ሳይሆን የቦክሱን ነው። ቦክሱ ግን አሁንም የእኔ ነው ብሎ ፖይንተሩን ይዟል። ያየሽው መልእክት የሚመጣው አንድ ሰው የሞተውን ዕቃ ዳግመኛ ሊለቅ ሲሞክር ነው።

በተኑን እንደፈጠርሽ፣ ሌላ ምንም ሳትሠሪ፣ ጂ_ኦብጀክት_ረፍ_ሲንክን ጥሪበት። ያኔ 1ዱ ያንቺ ይሆናል። ቦክሱ ሲቀበለው 2 ይላል፤ ፋይናላይዘርሽ ሲለቅ 1 ይቀራል፣ እሱም የቦክሱ።

ይህን በየዊጄቱ በእጅ መጻፍ ግን ስህተት ይጋብዛል። ላይብረሪው ውስጥ ሁለት በር ብቻ ይኑር፤ ከሲ የመጣ ፖይንተር ከሁለቱ በአንዱ ካላለፈ የጎላንግ ዕቃ እንዳይሆን አድርጊ። እኔ «ተዋስ» እና «ተረከብ» እላቸዋለሁ። የጂቲኬ ሰነድ «ትራንስፈር ነን» (ባለቤትነቱ አይተላለፍም) የሚለውን ሁሉ ተዋስ ይቀበለዋል፤ የሚያደርገው ረፍ_ሲንክ ነው። ተንሳፋፊ ከሆነ ያንኑ ይወስዳል፣ ካልሆነ አንድ ይጨምራል። ለመስኮትም ይኸው ይሠራል፦ ጂቲኬ መስኮቶችን ራሱ በዝርዝሩ ስለሚይዝ ያንቺ ሪፈረንስ ሁለተኛ ይሆናል፣ መስኮቱም ጂቲኬ_ዊንዶው_ዲስትሮይ እስኪጠራ አይሞትም። «ትራንስፈር ፉል» (ባለቤትነቱ ይተላለፋል) የተባለው በተረከብ በኩል ይገባል፤ እዚያ ምንም አይጨመርም፣ ሪፈረንሱ ቀድሞውኑ ያንቺ ነው። ፉሉን በተዋስ ካሳለፍሽው ለዘላለም የማይለቀቅ አንድ ቆጠራ ይተርፋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ሲ ስትሰጪ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ጂቲኬ_ሊስት_ቪው_ኒው ሞዴሉንም (የዝርዝሩን ይዘት) ፋክተሪውንም (ረድፎቹን የሚሠራውን) ጠቅልሎ ይወስዳል። ጂቲኬ_ሊስት_ቪው_ሴት_ሞዴል ግን አይወስድም፣ የራሱን ይጨምራል። ሲንግል ሰሌክሽን የሚፈጥረውም ፈንክሽን የተሰጠውን ሞዴል ይወስዳል። ስለዚህ ለሚወስዱት ከመጥራትሽ በፊት አንድ ረፍ ጨምሪ፤ አለዚያ የበተኑ ክራሽ በሌላ ቀሚስ ተመልሶ ይመጣል። ጽሑፍም እንደዚያው ነው፦ ጂቲኬ_ሌብል_ጌት_ቴክስት የሚመልሰው የሌብሉን ንብረት ነው፣ አትንኪው። ጂቲኬ_ቴክስት_በፈር_ጌት_ቴክስት የሚመልሰው ያንቺ ነው፣ ኮፒ አድርገሽ በጂ_ፍሪ ልቀቂው።

አሁን ወደ ፋይናላይዘሩ። የጎላንግ ፋይናላይዘር የሚሮጠው በሌላ ጎሩቲን (ጎን ለጎን በሚሄድ የጎላንግ ሥራ)፣ ምናልባትም በሌላ ትሬድ ነው። የመጨረሻው አንረፍ ዊጄቱን ያፈርሳል፣ ዊጄት ደግሞ ከዋናው ትሬድ ውጭ አይነካም። ስለዚህ ፋይናላይዘሩ አንረፍን በቀጥታ አይጥራ፤ ፖይንተሩን ሙቴክስ (ትሬዶች በአንዴ እንዳይነኩት የሚያደርግ ቁልፍ) ባለው ዝርዝር ላይ ይጨምርና ዝርዝሩ ባዶ ከነበረ ብቻ በጂ_አይድል_አድ አንድ ሥራ ያስመዝግብ። ያ ሥራ ዋናው ትሬድ ላይ ሲደርስ ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ ይለቃል። እዚህ ጋ ጂ_ሜን_ኮንቴክስት_ኢንቮክን አትጠቀሚ። ዋናው ሉፕ ገና ካልተነሳ ኢንቮክ ኮንቴክስቱን እዚያው የጠራው ትሬድ ላይ ይዞ ሥራውን ወዲያው ይሠራዋል፤ የሸሸሽው ነገር ያኔ ይደርሳል።

ሜሞሪው ለምን አይወርድም? በተኑ ኮልባክሽን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ግሎባል ማፑ ውስጥ ኮልባኩን ይይዛል፣ ኮልባኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በተኑን ራሱን ወይም መስኮቱን ይጠቅሳል። ግሎባል ማፕ ለኮሌክተሩ ሥር ስለሆነ የጎላንጉ ዕቃ አይሰበሰብም፤ እሱ ካልተሰበሰበ ሪፈረንሱ አይለቀቅም፤ ሪፈረንሱ ካልተለቀቀ ሲግናሉ (ኮልባኩን የሚያስጠራው የበተኑ ማሳወቂያ) አይቋረጥም፣ ቁጥሩም ከማፑ አይወጣም። ክቡ ሁለት ሜሞሪ ላይ ስለተዘረጋ ሁለቱም ወገን ለብቻው አያየውም። ከጎላንግ 1.17 ጀምሮ ያለው የሲጎ (ጎላንግን ከሲ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ሃንድልም ያው ግሎባል ማፕ ነው፣ ይህን አይፈታም።

የሚፈታው ቶግል ሪፈረንስ ነው። ጂኦብጀክት (የጂቲኬ ዕቃዎች የቆሙበት ሥርዓት) ካንቺ ሌላ ያዥ ሲጠፋ ይነግርሻል፣ ሌላ ያዥ ሲመጣም እንደገና ይነግርሻል። ሌላ ያዥ ሲኖር የጎላንጉን ዕቃ በጠንካራ ፖይንተር፣ ካንቺ በቀር ያዥ ሲታጣ በደካማ ፖይንተር (ዕቃው እንዳይሰበሰብ በማይከለክል) ትይዣለሽ። ደካማ ፖይንተር በመደበኛው ላይብረሪ የገባው ከጎላንግ 1.24 ወዲህ ነው። ኮልባኮቹን ከግሎባል ማፕ አውጥተሽ የዚያው ዊጄት ስትራክት ውስጥ አኑሪያቸው፣ አብረው እንዲሰበሰቡ። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ማሳወቂያው የሚመጣው ረፍ ወይም አንረፍ ያደረገው ትሬድ ላይ ስለሆነ የሲውን ፖይንተር ከጎላንጉ ዕቃ ጋር የሚያገናኘው ሰንጠረዥ ሙቴክስ ያስፈልገዋል። ሌላው፣ የጎላንጉ ዕቃ ተሰብስቦ የአይድሉ ሥራ ገና ሳይደርስ ያው ፖይንተር ከሲ ተመልሶ ሊመጣና አዲስ ዕቃ ሊፈጠርለት ይችላል። ስለዚህ የማፍረሻው ሥራ ከመልቀቁ በፊት ሰንጠረዡን እንደገና ይመልከት።

ሳልረሳው፣ ከሲ የሚጠራ ማንኛውም የጎላንግ ፈንክሽን መጀመሪያው ላይ ሪከቨር (ፓኒክን፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚጥል ስህተትን የሚይዝ) ይኑረው። ፓኒክ የጂሊብን (ጂቲኬ የቆመበትን ላይብረሪ) የሲ ፍሬሞች አቋርጦ ካለፈ ሲግናሉን በማሰራጨት ላይ የነበረው ኮድ ማጽዳት የነበረበትን ሳያጸዳ ይቀራል። ስህተቱ የሚታየው ከብዙ ደቂቃ በኋላ፣ ፈጽሞ በማይገናኝ ቦታ ነው።

ንብ_ቀፎ

ባለ_ሉፕ ባለው ላይ ስለ ጀነሬተሩ ልጨምር።

ተዋስ እና ተረከብ የሚለውን ምርጫ ሰው በአእምሮው መያዝ የለበትም፣ ተጽፎ አለ። ከጂቲኬ የልማት ፓኬጅ ጋር ጂር የሚባል የኤክስኤምኤል ፋይል ይመጣል። እያንዳንዱ ፈንክሽን፣ እያንዳንዱ ፓራሜትርና የሚመለሰው ዋጋ የባለቤትነት ምልክት አላቸው፦ ነን፣ ኮንቴይነር (መያዣው ብቻ ይተላለፋል) ወይም ፉል። ባዶ ፖይንተር ሊሆን የሚችለውም ተለይቷል። የፓይተኑ ፓይጂኦብጀክት የዚህኑ የተጠናቀረ ቅጂ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ያነባል፤ የራስቱ ጂቲኬ-አርኤስ ደግሞ ከጂሩ ኮድ ያመነጫል። ላንቺ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል። ሃያ ዊጄት ብቻ ከሆነ ጀነሬተርሽ የስም ዝርዝር ተቀብሎ ለእነሱና ለወላጆቻቸው ብቻ ይጻፍ፤ የኮምፓይል ጊዜውም አይንዛዛም።

ሁለት ንብርብር አድርጊው። የታችኛው ሙሉ በሙሉ የተመነጨ፣ ከሲው ጋር አንድ ለአንድ የሚሄድ፣ ከላይብረሪው ውጭ የማይታይ ይሁን። የላይኛውን በእጅ ጻፊው፣ ተጠቃሚ የሚያየው እሱን ብቻ ነው። የተመነጨ ፋይል ላይ በእጅ ማስተካከል ከጀመርሽ ጂቲኬ በታደሰ ቁጥር ማስተካከያሽ ይጠፋል። ጂሩ የተሳሳተበት ቦታ ካጋጠመ ልዩነቱን ለብቻው በሚቀመጥ የማስተካከያ ፋይል ንገሪው።

ለኮልባክ ጂሩ ላይ «ስኮፕ» የሚል ምልክት አለ፣ ያ ኮልባኩን መቼ እንደምትለቂ ይወስናል። «ኮል» ከሆነ ፈንክሽኑ እንደተመለሰ ልቀቂው፤ ጂቲኬ_ሊስት_ቦክስ_ሰሌክትድ_ፎርኢች እንዲህ ነው። «ኤሲንክ» ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል፣ ከተጠራ በኋላ ልቀቂው፤ የፋይል መምረጫው ኦፕን እንዲህ ነው። «ኖቲፋይድ» ከሆነ ዲስትሮይ ኖቲፋይ (ኮልባኩ ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚል ጥሪ) ይመጣልሻል፣ እስኪመጣ አትንኪው፤ የሊስት ቦክስ ማደራጃ ፈንክሽን የዚህ ዓይነት ነው። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ መንገድ የሚይዙ ራፐሮች ወይ ያፈሳሉ ወይ የተለቀቀ ኮልባክ ይጠራሉ።

ሲጎ የፓራሜትር ብዛታቸው ያልተወሰነ የሲ ፈንክሽኖችን መጥራት አይችልም። ጂ_ኦብጀክት_ኒው ስለዚህ ቀረ፤ በእሱ ቦታ ጂ_ኦብጀክት_ኒው_ዊዝ_ፕሮፐርቲስ አለ፣ ስሞቹንና ዋጋዎቹን በድርድር ይቀበላል። አለርት ዳያሎግ የሚፈጥረውም ፈንክሽን እንደ ፕሪንትኤፍ ነው፤ ዕቃውን በዚህ መንገድ ፈጥረሽ መልእክቱን በሴት_መሴጅ አስገቢ።

ተዋረዱን በተመለከተ፣ የወላጁን ስትራክት በልጁ ውስጥ ማቀፍ ይበቃል፦ በተን ዊጄትን ያቅፋል፣ ዊጄት ኦብጀክትን ያቅፋል። ፓራሜትር ሲሆን ግን ስትራክቱን አትቀበዪ፤ ማንኛውም ዊጄት የሚያሟላውን ትንሽ ኢንተርፌስ ተቀበዪ፣ አለዚያ በተን ዊጄት በሚፈለግበት ቦታ አይገባም። ከሲ ሲመለስ ሌላ ጣጣ አለ። የዊጄትን ወላጅ ስትጠይቂ የሚመጣው ተራ የዊጄት ፖይንተር ነው፣ እውነተኛው ዓይነቱ ቦክስ ሊሆን ይችላል። የጂታይፕ (የዓይነት መለያ) ቁጥሩን ወስደሽ «ለዚህ ዓይነት ይህን ፍጠር» ከሚል ሰንጠረዥ ፈልጊው። ጂቲኬ ከውጭ የማይታዩ የግል ዓይነቶች ስላሉት ካላገኘሽው በጂ_ታይፕ_ፓረንት የምታውቂው እስኪመጣ ወደ ላይ ውጪ። ተስፋ ቆርጦ ባዶ ፖይንተር መመለስ አይሆንም።

በመጨረሻ የቨርዥኑን ነገር ቀላል እንዳታደርጊው። ኡቡንቱ 22.04 ጂቲኬ 4.6፣ ዴቢያን 12 ጂቲኬ 4.8፣ ኡቡንቱ 24.04 ደግሞ 4.14 ነው ያላቸው። አለርት ዳያሎግና ፋይል ዳያሎግ የገቡት በ4.10 ሲሆን የድሮው ዳያሎግና ትሪ ቪው ጊዜ ያለፈባቸው የተባሉትም በዚያው በ4.10 ነው። ጂሩ በየፈንክሽኑ ከየትኛው ቨርዥን እንደገባ ይጽፋል፤ ጀነሬተሩ በቨርዥን የተለያየ ፋይል ያውጣና በጎላንግ ቢልድ ታግ (የትኛው ፋይል ኮምፓይል እንደሚሆን በሚለይ ምልክት) ይከፋፈል። ይህ ካልተደረገ ዴቢያን 12 ላይ አለርት ዳያሎግን ያልተጠቀመ ሰው እንኳ ላይብረሪሽን ቢልድ ማድረግ አይችልም።

ሰብለ_ኮድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ረፍ_ሲንክ ሲገባ ክራሹ ቆመ። ቶግሉን ገና እየጻፍኩ ነው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ከሌላ ጎሩቲን የተጠራ ማንኛውም ሜተድ በራሱ ወደ ዋናው ትሬድ ቢሻገር ለተጠቃሚው አይቀልም? ሌላው፣ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ብቻ የሚታይ ችግር አለ። ኢንትሪ (የጽሑፍ ማስገቢያ ሳጥን) ውስጥ በኮድ «ሰላም» አስገብቼ ጠቋሚውን መጨረሻው ላይ ሳስቀምጥ የምልከው ቁጥር ከጽሑፉ ርዝመት ያልፋል፤ ሌብል ላይ አንድ ቃል ላቅልም ስልም ቀለሙ ቃሉ መሃል ይቆማል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ባለ_ሉፕ

በራሱ እንዲሻገር አታድርጊ። ዋናው ትሬድ የአንድን ጎሩቲን ውጤት በቻናል እየጠበቀ ነው እንበል፤ ያ ጎሩቲን ደግሞ ሌብል ሊቀይር ሜተድ ጠራ፣ ሜተዱም ዋናው ትሬድ እስኪደርስለት ይጠብቃል። ሁለቱም እንደተጠባበቁ ይቀራሉ፣ ተጠቃሚው ደግሞ የሌብል ጽሑፍ መቀየር ብቻ ስለሚመስለው ምክንያቱን አያገኘውም። «ዋናው ላይ አስኪድ» የሚል አንድ ፈንክሽን ስጪ፤ ሥራውን አስመዝግቦ ሳይጠብቅ ይመለስ። በተጨማሪ በዲበግ ቢልድ ላይ እያንዳንዱ ጥሪ ያለበትን ትሬድ ሲጀመር ከተመዘገበው ጋር ያወዳድርና ካልገጠመ ወዲያው ፓኒክ ያድርግ።

ማክ ላይ ይህ ይበልጥ ጥብቅ ነው፦ መስኮት የሚሠራው የፕሮሰሱ የመጀመሪያ ትሬድ ላይ ብቻ ነው። ራንታይም.ሎክኦኤስትሬድን ኢኒት ፈንክሽን ውስጥ ጥሪው። ሜን ውስጥ ከጠራሽው ጎሩቲኑ ቀድሞ ወደ ሌላ ትሬድ ተዛውሮ ሊገኝ ይችላል።

ቶግሉን ስትጨርሺ እንዲህ ፈትኚው። አንድ መስኮት 1000 በተን ይዞ ይፈጠር፣ እያንዳንዱ በተን ራሱን የሚጠቅስ ኮልባክ ይኑረው። በየበተኑ ላይ በጂ_ኦብጀክት_ዊክ_ረፍ ሲሞት የሚቆጥር ፈንክሽን እሰሪ። መስኮቱን አፍርሺ፣ ኮሌክተሩን ጥሪ፣ የሉፑ ሥራ እስኪያልቅ አዙሪ፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሚው፣ አንዱ መለቀቅ ሌላውን ስለሚያስከትል። ቆጣሪው 1000 ካልደረሰ የሆነ ቦታ ክብ ቀርቷል። ፈተናውን ስታስኪጂ ጂ_ዲበግ የሚባለውን ቫሪያብል «ፌታል-ዋርኒንግስ» አድርጊው፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ላይ ይቆምልሻል።

ፊደል_ገበታ

የጽሑፉን ለእኔ ተዉት።

ሰብለ፣ «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፣ በዩቲኤፍ-8 ግን ዘጠኝ ባይት ነው። ከዩ+1200 እስከ ዩ+137ኤፍ ያለው የኢትዮጵያ ፊደል ሁሉ በሦስት ሦስት ባይት ይጻፋል። የጎላንግ ሌን የሚባለው ፈንክሽን የሚመልሰው ባይቱን፣ 9ን ነው። ጂቲኬ ደግሞ አንዳንዱን በባይት፣ አንዳንዱን በፊደል ይቆጥራል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ልዩነቱ እዚያ አይታይም።

ጂቲኬ_ኤዲተብል_ኢንሰርት_ቴክስት በአንዲት ጥሪ ውስጥ ሁለቱንም ይቀላቅላል፦ የጽሑፉን ርዝመት በባይት፣ የሚገባበትን ቦታ በፊደል ነው የሚፈልገው። ለ«ሰላም» ርዝመቱ 9፣ ከገባ በኋላ ጠቋሚው ያለበት ቦታ 3። የጠቋሚው ሴት_ፖዚሽንም በፊደል ነው፤ አንቺ 9 እየላክሽለት ነው። የፓንጎ (ለጂቲኬ ጽሑፍ የሚያቀናብረው ላይብረሪ) ቀለምና ድምቀት ግን በባይት ነው። «ሰላም ለኢትዮጵያ» ውስጥ «ሰላም»ን ለማቅለም ከ0 እስከ 9 ትያለሽ። ከ0 እስከ 3 ካልሽ የሚቀለመው «ሰ» ብቻ ነው። ቴክስት አይተር (በጽሑፍ ውስጥ ቦታ የሚያመለክተው) ሁለቱም አለው፦ ኦፍሴት በፊደል፣ ላይን_ኢንዴክስ በባይት።

ሁለቱንም ተራ ኢንት አድርገሽ አታሳልፊ። አንዱን «የባይት ቦታ»፣ ሌላውን «የፊደል ቦታ» የሚባል የተለያየ ታይፕ አድርጊና መቀየሪያው ጽሑፉን ራሱን እንዲጠይቅ አስገድጂ። ያኔ ስህተቱ ኮምፓይለሩ ላይ ይቆማል። ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ወደ ሲ ከመሻገሩ በፊት በስትሪንግስ.ቱቫሊድዩቲኤፍ8 ይለፍ፤ ሦስት ባይቱ መሃል ላይ የተቆረጠ ፊደል ፓንጎ ጋ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ያስነሳል።

አንድ ያልጠየቅሽው አለ። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ኤስን ሲጫን «ስ» ይታያል፣ ኢን ሲጨምር ያው ፊደል ወደ «ሰ» ይቀየራል። የመጀመሪያው ገና ያልጸደቀ ጽሑፍ ነው። ራፐርሽ የቁልፍ ኢቨንትን እንደ ጽሑፍ ካሳለፈ ተጠቃሚው የሚያገኘው የላቲኑን ኤስና ኢ ነው። ጽሑፍ የሚገኘው ከኢንትሪው «ቼንጅድ»፣ ራስሽ በሳልሽው ዊጄት ላይ ደግሞ ከአይኤም ኮንቴክስቱ (የተጫኑትን ቁልፎች ወደ ፊደል ከሚቀይረው) «ኮሚት» ሲግናል ነው፤ ያልጸደቀውን ለመሳል «ፕሪኤዲት-ቼንጅድ»ን አዳምጪ። የቁልፍ ኮንትሮለሩን ከአይኤም ኮንቴክስቱ ጋር በሴት_አይኤም_ኮንቴክስት አገናኚው። ለአቋራጭ ቁልፍ ሲባል መስኮቱ ላይ በካፕቸር ደረጃ (ቁልፉ ኢንትሪው ጋ ከመድረሱ በፊት) የተተከለ ሌላ ኮንትሮለር ካለ ደግሞ ኮንትሮል ወይም ኦልት ላልተጫነበት ቁልፍ ፎልስ ይመልስ። ትሩ ከመለሰ ቁልፉ ኢንትሪው ጋ ሳይደርስ ይበላል፣ «ስ»ም «ሰ»ም አይጻፍም።